ቡና ይስከን፣ የኮራል ገንዳ ግን አይስከን

ጀበናው ከእሳት ሲወርድ ቡናው እስኪሰክን ጋደል አድርገን እንጠብቃለን፤ አተላው ታች ይቀራል፣ ወደ ሲኒው የሚወርደው ጥሩ ይሆናል። ቤቱ ውስጥ የኮራል ገንዳ (ኮራል የተባሉ የባሕር እንስሳት የሚረቡበት የጨዋማ ውሃ መስታወት) ያቆመ ሰው የገባበት ሥራ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እዚህ ምንም ነገር መስከን የለበትም። ዝቃጭ ተረጋግቶ የተቀመጠበት ጥግ ካለ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚያማርርዎ ቀይ ልጋግ፣ አልወርድ ያለ ናይትሬት (ቆሻሻ ሲበሰብስ ውሃው ውስጥ የሚቀረው) እና የደበዘዘ ኮራል የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከዚያው ጥግ ነው።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ገንዳዬ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 50 ወርድ፣ 50 ከፍታ አለው፤ 300 ሊትር መሆኑ ነው። ከድንጋዮቹ ጀርባ ቀይ ልጋግ ሲንሰራፋ መጀመሪያ ያደረግሁት ትልቅ ማጣሪያ መግዛት ነበር። ልጋጉ ንቅንቅ አላለም። በሦስተኛው ወር አንዱን ድንጋይ ለሌላ ጉዳይ ሳነሣ፣ ከሥሩ የሾርባ ሳህን የሚሞላ ዝቃጭ ተነሥቶ ገንዳውን አጨለመው። ያ ውድ ማጣሪያ ከታች ሆኖ ሲጠብቅ የከረመው ይህንኑ ነበር፤ የሚያደርስለት ግን አላገኘም። ማጣሪያ የሚያጣራው እሱ ዘንድ የደረሰውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራውን የምንጀምረው ከውሃው እንቅስቃሴ ነው፤ ማጣሪያው ተራውን ይጠብቃል።

ኮራል ተራምዶ ምግብ አይፈልግም፣ ከቆሻሻውም አይሸሽም። የሚያመጣለትም የሚወስድለትም ውሃ ነው። በገላው ላይ ሁልጊዜ ስስ የረጋ ውሃ ሽፋን አለ። ቀን ቀን በሥጋው ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች በብርሃን የሚሠሩት ኦክስጅን በዚያ ሽፋን አልፎ መውጣት አለበት፤ ሌሊት ደግሞ ኮራሉ የሚተነፍሰው ኦክስጅን በዚያው አልፎ ይገባል። ውሃው ሲንቀሳቀስ ሽፋኑ ይሳሳል፤ ሲቆም ይወፍራል፣ ኮራሉም በራሱ ቆሻሻ ይታፈናል።

አንድ፦ ከመግዛት በፊት አንድ ምሽት መመልከት

አንድ ወረቀት ይያዙና ገንዳውን ከላይ እንደሚታይ አድርገው ይሣሉት። በረዶ የሆነ የዓሣ ምግብ በትንሽ ውሃ ያቅልጡና ጭማቂውን ከፓምፖቹ ፊት ጠብ ያድርጉ። ፍርፋሪው በየት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚዞር፣ የት ደርሶ እንደሚወድቅ ይከተሉ። ሲወድቅ ያዩበትን ቦታ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያድርጉ። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ደግሞ በእጅ ባትሪ ከድንጋዮቹ ሥርና ከኋላ መስታወቱ በኩል ይመልከቱ፤ ቀን የማይታየው ግራጫ ብናኝ በአግድም ብርሃን ይጋለጣል።

ቀጥሎ ለመረቅ የሚያገለግለውን ትልቅ የወጥ ቤት መምጠጫ ወስደው በየድንጋዩ ቀዳዳ ውሃ እፍ ያድርጉ። ጭስ የመሰለ ነገር ከወጣ ያ ቦታ ሞቷል ማለት ነው። (መምጠጫው ከዚህ በኋላ ወደ ወጥ ቤት እንደማይመለስ ለቤተሰቡ ያሳውቁ፤ እኔ ሳላሳውቅ ቀርቼ የበዓል ዶሮ ላይ ጭቅጭቅ ተነሥቷል።) የውሃውን ገጽም አይርሱ። የዘይት የመሰለ ቀለማት ያለው ሽፋን ከተንሳፈፈ፣ ገጹ እየተናወጠ አይደለም፣ ወይም ማጣሪያዎቹ ወዳሉበት ታችኛው ገንዳ የሚወርደው ውሃ ከላይ አልተቀዳም።

በዚያው ሳምንት ናይትሬትና ፎስፌት ለክተው ቀኑን ጨምረው ይጻፉ። ያለ መነሻ ቁጥር በኋላ የተሻለውን ካልተሻለው መለየት አይቻልም።

ሁለት፦ ድንጋዮቹን ማስተካከል

«ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ» ይባላል። በኮራል ገንዳ ውስጥ ድንጋይ ውሃን የሚያስጮኸውን ያህል ዝም ያሰኘዋል። ብዙዎቻችን ስንጀምር ድንጋዩን ከኋላ መስታወት ጋር አስደግፈን እንደ ግንብ እንደረድራለን። ያማረ ይመስላል፤ ከግንቡ ጀርባ ግን ውሃ አይደርስም፣ እጅም አይገባም። ድንጋዮቹ ከመስታወቱ በሁሉም በኩል እጅ የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑራቸው፤ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። በአንድ ግንብ ፈንታ ሁለት ወይም ሦስት ክምር ያድርጉ፣ በመካከላቸው ውሃ የሚያልፍበት ሸለቆ ይተዉ። ከሥር የሚነኩት ቦታ ባነሰ ቁጥር የሚደበቅ ዝቃጭ ያንሳል። በሦስት እግር እንደ ጉልቻ የቆመ ድንጋይ ከተንጋለለ ድንጋይ ይሻላል፤ መረጋጋቱን ግን በእጅ ገፋ አድርገው ያረጋግጡ፤ የሚንሸራተት ድንጋይ መስታወት ይሰብራል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። የመጀመሪያው ለራስዎ ነው። ዞአንቲድ የሚባሉት አበባ መሰል ኮራሎች፣ በተለይ ፓሊቶዋ፣ ፓሊቶክሲን የተባለ ከባድ መርዝ ሊኖራቸው ይችላል። ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርጉ፤ እነርሱ ያሉበትን ድንጋይ በፈላ ውሃ አይንከሩ፣ በደረቁም አይፈግፍጉ፤ እንፋሎቱና ብናኙ ቤተሰብን ሙሉ ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል። ሁለተኛው ለገንዳው ነው። ለዓመት ያልተነካ አሸዋ በአንድ ቀን ከተገለበጠ የተቀበረው ሁሉ ወደ ውሃው ይለቀቃል። ሲሶውን በዚህ ሳምንት፣ ሲሶውን በሚቀጥለው እያደረጉ፣ ውሃ በሚቀይሩበት ቱቦ እየመጠጡ ይሥሩ።

ሦስት፦ የሞገድ ፓምፖች

የሞገድ ፓምፕ ገንዳው ውስጥ ሆኖ ውሃውን የሚገፋው ነው። አሁን ሒሳብ። የገንዳውን መጠን በሰዓት ስንት ጊዜ ማንቀሳቀስ እንደሚያስፈልግ የሚወስኑት የሚያረቧቸው ኮራሎች ናቸው። እንጉዳይ መሳይና ቆዳ መሳይ ለስላሳ ኮራሎች ከ10 እስከ 20 ጊዜ ይበቃቸዋል። ትልልቅ አበባ ያላቸው ድንጋያማ ኮራሎች 20 እና 30 መካከል ይመቻቸዋል። አክሮፖራ የመሳሰሉት፣ በተፈጥሮ ማዕበል በሚመታው የሪፍ (በባሕር ውስጥ ያለ የኮራል ክምር) ጫፍ የሚኖሩት፣ 40 እና ከዚያ በላይ ይወዳሉ። ለ300 ሊትር ገንዳ 20 ጊዜ ማለት በሰዓት 6,000 ሊትር ነው፤ 40 ጊዜ 12,000። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው፤ ፓምፑ ካርቶን ላይ የተጻፈው አኃዝ ንጹሕ ፓምፕ ምንም ሳይከለክለው የሚሰጠው መሆኑንም አይርሱ። የመጨረሻው ፈራጅ ኮራሉ ነው።

ከአንድ ኃይለኛ ፓምፕ ሁለት መካከለኛ ፓምፖች ይሻላሉ። አንዱ ኃይለኛ ፓምፕ በፊቱ ያለውን ኮራል ሥጋውን ይገፍፈዋል፣ ከድንጋዩ ማዶ ያለውን ደግሞ አያውቀውም። ሁለቱን በገንዳው ሁለት ጠባብ ጎኖች፣ አንዱን ወደ ፊት መስታወት፣ ሌላውን ወደ ኋላ መስታወት ጠጋ አድርገው ይስቀሉ። ቢቻል ከውሃው ገጽ በታች ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብለው፣ በጥቂቱ ወደ ላይ ቀና ያሉ ይሁኑ። እንዲህ ሲሆን ውሃው በፊት በኩል ሄዶ በኋላ በኩል ይመለሳል፤ ገንዳው በሙሉ እንደ አንድ ጎማ ይዞራል። ይህ ዙረት አንዴ ከተነሣ በጥቂት ኃይል ይቀጥላል።

ውሃ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሄድ የለበትም። በባሕር ውስጥ ሞገድ ይሄዳል ይመለሳል። ፓምፖቹ መቆጣጠሪያ ካላቸው ለጥቂት ሰዓታት የግራው እንዲበረታ፣ ከዚያ የቀኙ እንዲተካው ያድርጉ፤ መቆጣጠሪያ ከሌላቸው በሰዓት ቆጣሪ የሚበራና የሚጠፋ ሶኬት ይህንኑ ሥራ በርካሽ ይሠራል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ የሚያርፉበት ጊዜ ግን አይኑር።

ልክ መሆኑን በምን ያውቃሉ? የኮራሉ ጣቶች ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዙ ልክ ነው። ሁልጊዜ በአንድ በኩል ተኝተው ከታዩ በዝቷል። ተከፍተው ቀጥ ብለው ከቆሙና ብናኝ ካረፈባቸው አንሷል። ቶርች እና ሐመር የሚባሉት ረጃጅም ጣታም ኮራሎች ቀጥታ ግፊት ከመታቸው ሥጋቸው በአጥንታቸው ስለት ይቀደዳል፤ ከድንጋይ ማዶ ጥላ በሆነው በኩል ያስቀምጧቸው። አሸዋው ጥግ ላይ ተከምሮ የገንዳው ወለል ከተጋለጠ ፓምፑን ከማድከም በፊት አቅጣጫውን ይቀይሩ፤ የአሸዋው ቅንጣት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ደግሞ ምንም ቢያደርጉ ይበናል። አኔሞን (አበባ መሰል የባሕር እንስሳ) ያለው ሰው ፓምፑን በወንፊት ይሸፍን። አኔሞን ይራመዳል፤ ፓምፕ ውስጥ ገብቶ የተፈጨ አኔሞን በአንድ ሌሊት ገንዳውን ሊመርዝ ይችላል።

የገጹ መናወጥ የተለየ ትኩረት ይሻል፤ ኦክስጅን የሚገባውና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣው በዚያ ነው። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ይህን በይበልጥ ያስብበት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ በእኩል ሙቀት ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የተጻፈ «ይበቃል» እዚያ ላይበቃ ይችላል።

ፓምፖቹን በየሁለት ወይም ሦስት ወሩ ነቅለው፣ አቼቶና ውሃ እኩል በተቀላቀለበት ባልዲ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ያስነሡ። የሚያደክማቸው ኖራ መሰል ክምችት ይሟሟል፤ የቀረውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። «ፓምፔ ደከመ» ብለው አዲስ ለመግዛት ከተነሡት ሰዎች ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው አንድ ጠርሙስ አቼቶ ነው።

አራት፦ ወደ ታችኛው ገንዳ የሚወርደውና የሚመለሰው ውሃ

ሳምፕ የምንለው ከመደርደሪያው ሥር ያለው ሁለተኛ ገንዳ ማጣሪያዎቹ የሚቀመጡበት ነው። ብዙ ሰው መላሹን ፓምፕ ከሞገድ ፓምፕ ጋር ያምታታዋል፤ ኃይለኛ መላሽ ገዝቶ ኮራሉን በእሱ ለማወዛወዝ ይሞክራል። የመላሹ ሥራ ቆሻሻ ውሃን ማጣሪያ ዘንድ አድርሶ መመለስ ነው፤ በሰዓት የገንዳውን ከ3 እስከ 5 እጥፍ ካዞረ ተወጥቶታል። ከዚያ በላይ ጫጫታና የአየር አረፋ ያመጣል።

ስንት እንደሚያዞር ካርቶኑን ሳይሆን ባልዲውን ይጠይቁ። ከላይ ውሃ የሚተፋውን ቱቦ ወደ 10 ሊትር ባልዲ አዙረው በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ይቁጠሩ፤ በሚሠሩበት ጊዜ ሳምፑ ደርቆ ፓምፑ አየር እንዳይስብ አጠገብዎ ሰው ይኑር። በ24 ሰከንድ ከሞላ በሰዓት 1,500 ሊትር ነው፤ ለ300 ሊትር ገንዳ 5 እጥፍ። ከተጠበቀው በጣም ካነሰ ቱቦውን ይመርምሩ። ውሃ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ኃይል ያጣል፤ በየጎሚቶው ሲታጠፍም እንዲሁ። ቱቦውን በአንድ ደረጃ ማስፋትና ሁለት ጎሚቶ መቀነስ አንዳንዴ ከአዲስ ፓምፕ ይበልጣል።

ከዚህ በኋላ ያለው የጎረቤትን ጣሪያ የሚያድን ክፍል ነው። መብራት ሲጠፋ መላሹ ቱቦ ወደ ኋላ ይስባል፤ አፉ ከውሃው በላይ እስኪሆን ድረስ የላይኛው ገንዳ ወደ ታች ይወርዳል። በእኔ ገንዳ ስፋት እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ከፍታ 6 ሊትር ነው፤ የቱቦው አፍ 3 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ከሆነ 18 ሊትር ወደ ሳምፑ ይመጣል፣ በቧንቧው ውስጥ ያለው ሲጨመር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ሳምፑ ያን የሚቀበል ባዶ ቦታ አለው? ቱቦው ላይ ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀዳዳ ይብሱ፤ ገጹ ቀዳዳው ዘንድ ሲደርስ አየር ገብቶ መሳቡን ያቆማል። ቀዳዳውን በየወሩ ይጥረጉት፤ አልጌና ቀንድ አውጣ ይደፍኑታል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ውሃ የሚያሳልፈውን ቫልቭ ግን አይመኑት፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ክፍት ታስቀረዋለች። ሁሉን ካስተካከሉ በኋላ ቤት ሳሉ፣ ፎጣ ይዘው፣ ሶኬቱን ነቅለው ይሞክሩት። መልሰው ሲሰኩትም እስከ መጨረሻው ቆመው ይጠብቁ።

የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ሁሉ ከሶኬቱ በታች ወርደው፣ ታጥፈው ወደ ላይ ይግቡ፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ ሳይሆን መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ፍሳሽ ሲኖር ኃይሉን የሚቆርጥ መከላከያ ያለው ሶኬት ላይ ይሰኩ። ጨዋማ ውሃና ኤሌክትሪክ አብረው የሚኖሩበት ቤት ነውና።

አምስት፦ ማጣሪያው

እ.ኤ.አ. በ1961 ኢንዶኔዥያዊው ሊ ቺን ኤንግ የጻፈው ዘዴ፣ ከባሕር የመጣ ሕያው ድንጋይ (ባክቴሪያና ሌሎች ፍጥረታት የሚኖሩበት) እና የአየር አረፋ ብቻ የሚጠቀም ነበር። በኋላ የበርሊን አርቢዎች በድንጋዩ ላይ ስኪመር የሚባለውን አረፋ ገፋፊ (ከታች እመለስበታለሁ) ጨመሩ፤ ዛሬም ብዙዎቻችን የምንሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ዋናው ማጣሪያ ድንጋዩ ነው ማለት ነው። በገጹ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ፤ ኦክስጅን በማይደርስበት ጥልቅ ቀዳዳ ያሉት ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ይለቁታል። ድንጋዩ በዝቃጭ ከተደፈነ ይህ ሁሉ ይቆማል። በየሳምንቱ ውሃ ከመቀየርዎ በፊት ድንጋዩን በመምጠጫው እፍ የሚሉት ለዚህ ነው።

ዝቃጩን ከተነሣ በኋላ የሚይዘው ከወራጁ ቧንቧ ሥር የሚንጠለጠለው፣ ካልሲ የሚመስለው ከረጢት ነው። ቀዳዳው 200 ማይክሮን (0.2 ሚሊ ሜትር) የሆነው በቂ ነው። ምስጢሩ መቀየሩ ላይ ነው፤ በየሦስት ቀኑ። ሳምንት ከቆየ የያዘው ሁሉ እዚያው በስብሶ ወደ ናይትሬት ይለወጣል፤ ማጣሪያው የቆሻሻ ፋብሪካ ይሆናል። ስድስት ያህል ከረጢት ይኑርዎ፤ በልብስ ማጠቢያ ማሽን ያለ ሳሙና አጥበው ፀሐይ ላይ ያስጡት። በየሦስት ቀኑ መቀየር የማይሆንልዎ ከሆነ ጨርሶ ባያስገቡት ይሻላል።

ስኪመር የሚባለው አረፋ ገፋፊ ቅቤ ሲነጠር ከላዩ የሚወጣውን እንደምንገፈው ያለ ሥራ ይሠራል። ፕሮቲንና ቅባት አንድ ጫፋቸው ውሃን ይጠላል፤ የአየር አረፋ ሲያገኙ በእሱ ላይ ተጣብቀው ይወጣሉ፤ ከላይ ባለው ጽዋ ይጠራቀማሉ። ጨዋማ ውሃ አረፋውን ደቃቅ አድርጎ ስለሚያቆየው ይህ መሣሪያ ጨው በሌለው ውሃ ገንዳ ውስጥ እንዲህ አይሠራም። ከሁሉ በላይ የሚፈልገው የማይለዋወጥ የውሃ ጥልቀት ነው፤ አምራቹ የጻፈውን ልክ፣ ብዙውን ጊዜ 20 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ ግድግዳ ባለው ክፍል ውስጥ ይጠብቁለት። አዲሱ ስኪመር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብዳል፤ ይትረፈረፋል ወይም ምንም አያወጣም። እስከ ሁለት ሳምንት ይታገሡት። የሚወጣው ጠቆር ያለ ሻይ ከመሰለ ልክ ነው፤ ቀጭን ሻይ ከመሰለ ጽዋውን ከፍ ወይም በቫልቩ የውስጡን ውሃ ዝቅ ያድርጉ። አንገቱን በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጥረጉ፤ ቅባቱ ሲጋገርበት አረፋው መውጣት ያቅተዋል። በድንገት ከደከመ የአየር ቱቦው ጫፍ በጨው ተደፍኗል፤ ጥቂት ለብ ያለ ውሃ እንዲስብ ያድርጉ።

የማጣሪያ ከሰል ውሃው ላይ የሚመጣውን ቢጫነት ያነሣል፤ ኮራሎች እርስ በርስ የሚዋጉባቸውን ኬሚካሎችም ይቀንሳል። በንጹሕ ውሃ ጥቁር ዱቄቱ እስኪያልቅ አጥበው፣ አምራቹ ካዘዘው ግማሹን ይጀምሩ፣ በወር ይቀይሩ። ፎስፌት የሚይዘው የብረት ኦክሳይድ ጥራጥሬ ግን ፍርሃት ይገባዋል። ፎስፌትን ከ0.03 እስከ 0.1፣ ናይትሬትን ከ2 እስከ 10 ሚሊ ግራም በሊትር መካከል ማቆየት ጥሩ ነው። በአንድ ሳምንት ወደ ዜሮ ማውረድ ከፍ ብሎ ከመቆየቱ የበለጠ ኮራል ይገድላል፤ ዜሮ ላይ ሲደርስም ዲኖፍላጀሌት የሚባለው ቡናማ ንፍጥ መሰል ነገር ሊነሣ ይችላል፤ ከቀዩ ልጋግ የባሰ ነው።

በሳምፑ ውስጥ ቦታ ካለ ኬቶሞርፋ የተባለውን ሽቦ መሳይ አልጌ ያብቅሉበት። ናይትሬትና ፎስፌት እየበላ ያድጋል፤ እርስዎ እየቆረጡ ይጥሉታል። መብራቱን የላይኛው ሲጠፋ ያብሩለት፤ ሌሊት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚወስድ የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ብዙ አይወርድም።

ውሃ መቀየሩ አይቀርም፦ በሳምንት አንድ አሥረኛ፣ ለእኔ 30 ሊትር። በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በጣም ደቃቅ በሆነ ስስ ሽፋን በሚያሳልፍ ማጣሪያ) የተጣራ ውሃ ላይ ጨው ጨምረው ከአንድ ቀን በፊት እያማሰሉ ያዘጋጁት፤ ጨውነቱ በሺህ 35፣ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር እኩል ይሁን። አሮጌውን ውሃ በሚያወጡበት ጊዜ ቱቦውን ወረቀቱ ላይ ምልክት ካደረጉባቸው ቦታዎች ይጀምሩ። የሳምፑንም ወለል ይምጠጡ፤ ከላይ ያባረርነው ሁሉ መጨረሻ የሚሰክነው እዚያ ነው።

ስድስት፦ ቅደም ተከተሉና መብራት የሚጠፋበት ቀን

ይህን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ አይሥሩት። ድንጋዩን ያስተካክሉ፣ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ፣ ይለኩ። ፓምፑን ያዛውሩ፣ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ፣ ይለኩ። እንቅስቃሴው ሲበረታ የተደበቀ ዝቃጭ ስለሚነሣ ናይትሬቱ መጀመሪያ ከፍ ሊል ይችላል፤ አይደንግጡ፣ ከረጢቱን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ። በእኔ ቤት ቀዩ ልጋግ ሙሉ በሙሉ የጠፋው በሰባተኛው ሳምንት ነበር። በዚያ ጊዜ የገዛሁት ነገር አንድ ተጨማሪ የሞገድ ፓምፕና አንድ ጠርሙስ አቼቶ ብቻ ነው።

በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ግን ዛሬውኑ ገዝተው መደርደሪያው ሥር ያስቀምጡ። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን መጀመሪያ የሚገድለው ብርዱ አይደለም፤ ውሃው መቆሙና ኦክስጅኑ ማለቁ ነው፤ ብዙ ዓሣ ባለበት ገንዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ። ፓምፑን አስነሥተው አረፋ መልቀቂያ ድንጋዩን ውሃው ውስጥ ያኑሩ፤ ኃይሉ እስኪመለስ ዓሦቹን አይመግቡ። ባትሪውን በየስድስት ወሩ ይፈትሹ፤ እኔ እዚህ አሜሪካ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት በሚቀየርበት ቀን አደርገዋለሁ፣ ያኔ አልረሳውም።